የዱቄት ቅብ ታሪክና የስያሜው ጉዳይ

ከኢንዱስትሪው ዓለም ወደ አማርኛ ከሚገቡት ስሞች መካከል አብዛኞቹ የሚመጡት ዕቃውን ተከትለው ነው። ዕቃው ገበያ ላይ ይውላል፤ ስሙ በነጋዴው፣ በሠራተኛውና በደንበኛው አፍ ይዘዋወራል፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጁና ተርጓሚው ከሁሉም በኋላ ይደርሳሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ካሉት ስሞች አንዱን ነው። የአሉሚኒየም በርና መስኮት፣ እንዲሁም የሕንፃ ግንባር የሚለበጥበትን ሰሌዳ የሚሠሩ ሰዎች «ፓውደር ኮቲንግ»፣ አንዳንዴም «ኤሌክትሮስታቲክ ቀለም» የሚሉት የማቅለሚያ ዘዴ በአማርኛ ምን ቢባል ይሻላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስሙ ውል ሰነድና የሥራ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፣ አንዱን ቃል ከሌላው መለየቱ የገንዘብ፣ አልፎ አልፎም የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ስለሆነም አስቀድሞ የነገሩን ታሪክ፣ ቀጥሎም የስሙን ነገር መመልከት ይበጃል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሉሚኒየም ራሱ ከመገኘቱ በፊት ስም የወጣለት ብረት ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1808 «አሉሚየም» አለው፤ በ1812 «አሉሚነም» ሲል አሻሻለው፤ በዚያው ዘመን የነበሩ ሌሎች ጸሐፊዎች ደግሞ የላቲን ቃና እንዲኖረው ብለው «አሉሚኒየም» አደረጉት። የስሙ ሥር አሉሜን የተባለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ ቆዳ አልፊዎችና ማግ አቅላሚዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ጨው ነው። ብረቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ግን የዴንማርኩ ኧርስቴድ በ1825 ነበር። ስሙ ብረቱን በ17 ዓመት ቀደመው ማለት ነው። የአጻጻፉ ክርክርም ገና በ1990 ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ማኅበር «አሉሚኒየም»ን እስኪመርጥ ድረስ ዘልቋል፤ በ1993 ደግሞ የአሜሪካኖቹን «አሉሚነም» እንደ አማራጭ ተቀብሏል። አማርኛ በዚህ ክርክር ውስጥ ሳይገባ «አሉሚኒየም»ን ወሰደ። በማዕድ ቤት ግን የአሉሚኒየሙ ድስት ዛሬም «ብረት ድስት» ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ «ብረት» በአማርኛ አንዱን ማዕድን ብቻ ሳይሆን ዘሩን ሁሉ ሊያመለክት እንደሚችል የሚያስረዳ ምስክር ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ አሉሚኒየምን አልፎ አልፎ «ብረቱ» ብዬ የምጠራው በዚሁ መብት ነው።

ይህ ብረት ለአየር በተጋለጠ ቅጽበት በጥቂት ናኖሜትር የሚለካ ስስ የኦክሳይድ ገጽ ያበጃል። እንደ ብረት ዘር ሁሉ ቀይ ዝገት የማያወጣውም ስለዚህ ነው። ሆኖም ይኸው ገጽ በጨዋማ የባሕር ዳርቻ አየርና በከተማ ጭስ ይነቁጣል፤ ለቀለምም የማይመች ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ ተፈጥሮ የጀመረችውን ማወፈር ነበር። ቤንጎና ስቱዋርት የተባሉ እንግሊዞች በ1923 ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን አካል ከባሕር ጨው ለመጠበቅ ብረቱን ክሮሚክ አሲድ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ አሳለፉበት፤ በ1927 ሰልፈሪክ አሲድን የሚጠቀመው ዘዴ ተከተለ። አኖዳይዚንግ የሚባለው ይህ ነው። በ1953 ፒትስበርግ ውስጥ የተጠናቀቀው ባለ 30 ፎቅ የአልኮዋ ሕንፃ ከላይ እስከ ታች የለበሰው በዚህ ዘዴ የተዘጋጁ፣ በማተሚያ ተጭነው የተቀረጹ፣ ውፍረታቸው ወደ 3 ሚሊሜትር የሚጠጋ የአሉሚኒየም ሰሌዳዎችን ነው። ከዚህ ላይ ተርጓሚው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የአኖዳይዚንግ ገጽ ከውጭ የመጣ ቅብ አይደለም፤ ቅርፊት ከዛፉ እንደሚወጣ ከብረቱ ከራሱ የበቀለ ነው። ስለዚህ «ቅብ» ወይም «ሽፋን» ብሎ መተርጎሙ የነገሩን ባሕርይ ያስታል።

የአልኮዋ ሕንፃ በተጠናቀቀበት በዚያው በ1953፣ በግንቦት ወር፣ ኤርቪን ጌመር የተባለ የክናፕዛክ ግሪስሃይም ኩባንያ ተመራማሪ በጀርመን አገር አዲስ የባለቤትነት መብት ማመልከቻ አስገባ። ከእሱ በፊት የፕላስቲክ ዱቄት በነበልባል እየተረጨ ብረት ላይ እንዲለጠፍ ተሞክሮ ነበር። የጌመር ሐሳብ ግን የተለየ ነው። ወለሉ አየር የሚያሳልፍ ገንዳ ውስጥ ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት ይጨመራል፤ ከሥር አየር ሲነፋበት ዱቄቱ ይነሣና እንደ ውሃ ይንተከተካል። ቀድሞ የጋለ ዕቃ ሲነከርበት ዱቄቱ በዕቃው ሙቀት ቀልጦ ይጣበቅበታል፤ ሲወጣ ለስላሳ ቅብ ለብሶ ነው። ጀርመኖች ዘዴውን «ቪርበልዚንተርን» አሉት፤ በመሽከርከርና በግለት መጣበቅን የሚያጣምር ቃል ነው። እንግሊዞች የፈሳሽነትን ጠባይ የያዘ መደብ አሉት። በአማርኛ «የዱቄት ፍል» የሚለው ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን «ፍል» ሙቀትን ስለሚያስከትልና ዱቄቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አንባቢን ያሳስታል። «ተንተክታኪ ገንዳ» ጆሮ ቢከብደውም ለእውነቱ ይቀርባል።

የኛ ሰው የጌመርን ዘዴ ቢያይ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም ነበር። አዲስ የሸክላ ምጣድ ከመጋገሪያነቱ በፊት ይሟሻል። ይኸውም ምጣዱ ይጣድና ሲግል የተወቀጠ የጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ ይታሻል፤ ዘይቱ በግለቱ ሸክላው ላይ ይረጋና ጥቁር የሚያንጸባርቅ ገጽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንጀራው አይዝም። አስቀድሞ የጋለ ገላ፣ በላዩ የሚወድቅ ደቃቅ ነገር፣ በሙቀት የሚፈጠር ገጽ፦ ሥርዓቱ አንድ ነው። «ማሟሸት» የሚለውን ግስ ለዚህ ዘዴ መዋስ ያጓጓል። ነገር ግን ግሱ በአማርኛ ሌላ መንገድ ሄዷል፤ «ማሟሻ» ዛሬ የነገር መጀመሪያ፣ የአፍ መፍቻ ሆኗል። ከዚህም በላይ፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ ጥበቡ ራሱ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

በገንዳው የሚገኘው ቅብ ወፍራም ነው፤ ከ150 ማይክሮሜትር በታች ማውረዱ አስቸጋሪ ነበር። ለሽቦና ለቧንቧ ይበጃል፤ ስስና የተዋበ ገጽ ለሚፈልገው የሕንፃ ሰሌዳ አይሆንም። ሁኔታውን የለወጠው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ የተስፋፋው የኤሌክትሮስታቲክ ርጭት ነው፤ የግሬኖብሉ ሳሜስ ኩባንያ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። በዚህ ዘዴ ዱቄቱ ከሚረጭበት ጠመንጃ አፍ ላይ እስከ 100 ኪሎቮልት የሚደርስ ኃይል ይኖራል። እያንዳንዱ ቅንጣት የኤሌክትሪክ ሙል ተሸክሞ ይወጣና ከመሬት ጋር በተገናኘው ቀዝቃዛ ብረት ላይ ይለጠፋል። ገና ደረቅ ዱቄት ነው፤ ጣት ቢያርፍበት ይለቃል። ከዚያ ምድጃ ይገባል፤ የብረቱ ሙቀት ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ዱቄቱ ይቀልጣል፤ ይዋሐዳል፤ ይጠነክራል። በጌመር ዘንድ እሳቱ ይቀድም ነበር፤ አሁን ዱቄቱ ቀደመ። ብረቱን ስቶ የወደቀው ዱቄት ተሰብስቦ እንደገና ይረጫል፤ ከፈሳሽ ቀለም አንጻር ትልቁ ብልጫም ይኸው ነው። ጉድለትም አለው። ሙል የተሸከመው ቅንጣት በጠባብ ማዕዘንና በሰርጥ ውስጥ ለመግባት እምቢ ይላል፤ የታጠፈ ሰሌዳ በማዕዘኑ ላይ ሳስቶ የሚታየው ስለዚህ ነው።

በዱቄቱ ጠባይም ረገድ ለውጥ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ዱቄቶች እንደ ቅቤ ነበሩ፤ ይቀልጣሉ፣ ይረጋሉ፣ ቢሞቁ ተመልሰው ይቀልጣሉ። የኋለኞቹ እንደ እንቁላል ናቸው፤ አንዴ ከበሰሉ ወደ ኋላ አይመለሱም። እንግሊዝኛው ለዚህ መብሰል የሚጠቀምበት ግስ «መፈወስ» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የማይጠነቀቅ ተርጓሚ ቀለሙን በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል። በአማርኛ «መብሰል» በቂ ነው፤ ለምድጃ ሥራም ቤተኛ ቃል ነው። ከሚበስሉት ዱቄቶች ቀድሞ የገነነው ኢፖክሲ ነበር። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ አይችልም። ጥቂት ዓመት ደጅ ከዋለ ገጹ እየነጣ እንደ ኖራ ይለቃል፤ በዱቄትነት የመጣው በዱቄትነት ይሄዳል። ለሕንፃ ግንባር የሚሆነው ፖሊስተር የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። በዚያው ዘመን ከጥበቡ ውጭ ያሉ ሁለት ነገሮች ረዱት። በ1966 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፈሳሽ ቀለም የሚተንነውን ማሟሚያ የሚገድብ ደንብ ወጣ፤ በ1973 ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ከነዳጅ የሚገኘው ማሟሚያም ተወደደ። ማሟሚያ የማያሻው ቀለም በድንገት ሁሉም የሚፈልገው ሆነ። በ1986 ዙሪክ ላይ የተቋቋመው ኳሊኮት የተባለው ድርጅት ለሕንፃ አሉሚኒየም መለኪያ አበጀ፤ የቅቡ ውፍረት ከ60 ማይክሮሜትር እንዳያንስ፣ ናሙናውም ፍሎሪዳ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንዲፈተን ያዛል።

የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ይህ ሁሉ በአውሮፓም ገና ጅምር ነበር። ስለዚህ ስሙን ከቀደምት መዛግብት መፈለግ አይጠበቅብንም፤ መፈለግ ያለብን ለስሙ የሚሆነውን ሥር ነው።

ሌሎቹ ቋንቋዎች ምን አደረጉ? እያንዳንዱ ከጥበቡ አንድ ፊት መርጧል። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ጥሬ ዕቃውን፣ ማለትም ዱቄቱን ያዙ፤ ጣሊያንኛም «ቨርኒቻቱራ አ ፖልቨሬ» ሲል ተከተላቸው። ፈረንሳይኛ ለአሉሚኒየም በተለይ «ቴርሞላካዥ» ይላል፤ ሙቀትን ከላክ ጋር አጣምሮ፣ ዱቄቱን ጨርሶ ረስቶ። ስፓኝኛም «ላካዶ» ብሎ የዱቄቱንም የእሳቱንም ነገር ትቶ ውጤቱን ብቻ ያያል። ላክ በጥንት ዘመን ከሕንድ የመጣ፣ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ዛሬ በሕንፃው ግንባር ላይ አንዳች ሙጫ የለም፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ዕብራይስጥ በምድጃ የሚደረግ ቀለም ይለዋል። የእኛ ባለሙያዎች አንዳንዴ የሚሉት «ኤሌክትሮስታቲክ» ደግሞ ኃይሉን ይዟል፤ ሥሩ ግሪኮች ለዕንባ መሳዩ ሙጫ፣ ለአምበር፣ የሰጡት «ኤሌክትሮን» የሚለው ስም ነው። ይህ የመጨረሻው ስም በአንድ ምክንያት አይመረጥም፦ ፈሳሽ ቀለምም በኤሌክትሮስታቲክ ኃይል ሊረጭ ይችላል። ስሙ ነገሩን ከወንድሙ አይለየውም።

ወደ አማርኛው እንመለስ። ገጽን በሌላ ነገር ስለ መሸፈን የሚናገሩ ግሶቻችን እርስ በርሳቸው በጥንቃቄ የተለዩ ናቸው። «ቀባ» ሥሩ የግዕዙ «ቀብአ» ነው፤ «ቅብእ» ዘይትም ቅቤም ነው። እንግዲህ ግሱ ከጥንት እርጥብ ነገርን ይፈልጋል፤ ቅቤ፣ ዘይት፣ ጭቃ፣ ቀለም ይቀባል። «ነሰነሰ» ደረቁን ይወዳል፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ነገር ግን የተነሰነሰ ነገር ገጽ አይሆንም፤ ይበተናል እንጂ አይዋሐድም። «ለሰነ» የግድግዳ ነው። «ለበጠ» ጠጣር ነገርን በጠጣር ነገር መሸፈን ነው፤ በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ በወርቅ የሚለበጠው በዚህ ግስ ነው። (ፊት ላይ ብቻ ያለ ሳቅ «የለበጣ ሳቅ» መባሉ ከዚሁ መሆኑ ለቋንቋው ሊቅ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።) ታዲያ ደረቅ ሆኖ የሚበር፣ በእሳት ፈሳሽ የሚሆን፣ በመጨረሻም ጠጣር የሚሆን ነገር በየትኛው ግስ ይነገር?

በእኔ አስተያየት «ቀባ» ያሸንፋል። ምክንያቱም ቅቡ ገጽ የሚሆነው በዚያች በቀለጠባት ደቂቃ ነው፤ እርጥበቱ አጭር ቢሆንም አለ። የስሙም መዋቅር ዝግጁ ነው። «ወርቅ ቅብ ሰዓት» እንደምንል «ዱቄት ቅብ ላሜራ» ማለት እንችላለን። በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በወርቅ ቅብ ውስጥ ወርቁ ወርቅ እንደ ሆነ ይኖራል፤ በዱቄት ቅብ ውስጥ ግን ዱቄቱ ከምድጃ ሲወጣ ዱቄት አይደለም። መልሱ ቅርብ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ከደረቀ ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም የጭቃ ቤት ነው። አማርኛ ዕቃን በመነሻው መጥራት ያውቃል።

«ብናኝ ቅብ» የሚል አማራጭም ሊቀርብ ይችላል። «ብናኝ» ከ«በነነ» የወጣ ስለሆነ የሚበረውን ጉም በሚገባ ይሥላል። ሆኖም በካርቶን ተሞልቶ መጋዘን የተቀመጠው ነገር አይበንንም፤ ደግሞም «ብናኝ» በዛሬው አጠቃቀም ሰው የሚሸሸው፣ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ሆኗል። «ዱቄት» ከ«ደቀቀ» የተገኘ፣ ልመትን ብቻ የሚናገር፣ እህልን ብቻ የማይመለከት ቃል ነው፤ የዱቄት ወተትና የዱቄት ሳሙና ይመሰክራሉ። «ምድጃ» የሚለውን አክለን በጣሊያንኛው መንገድ «የፉርኖ ዱቄት ቅብ» ብንል ግን ሰሚው ወደ ዳቦ ቤት መሄዱ አይቀርም።

ከስሙ ምርጫ ይልቅ ብዙ ተርጓሚዎች የሚሰናከሉበት ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ስም በተለመደው አነጋገር ሦስት ነገሮችን ያመለክታል፦ የሚሸጠውን ጥሬ ዕቃ፣ የሥራውን ሂደትና በብረቱ ላይ የሚቀረውን ገጽ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በዱቄቶቹ ላይ ባወጣው መለኪያ የሁለቱን ቃላት ቅደም ተከተል ገልብጦ ጥሬ ዕቃውን ከገጹ ለይቷል፤ ጀርመንኛም ጥሬ ዕቃውን «ፑልቨርላክ» ብሎ በሌላ ስም ይጠራዋል። አማርኛ ይህንኑ መገልበጥ ያለ ችግር ይቀበለዋል፦ «የቅብ ዱቄት» ጥሬ ዕቃው፣ «የዱቄት ቅብ» ገጹ፣ «በዱቄት መቀባት» ሥራው። አንድ የውል አንቀጽ «የዱቄት ቅቡ 25 ኪሎ ይመዝናል» ቢል ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። «ፓውደር ኮቲንጉ 25 ኪሎ ይመዝናል» ቢል ግን ማንም አያስተውለውም። የባዕዱን ቃል እንዳለ የመያዝ ትልቁ ጉዳት ባዕድነቱ ሳይሆን ይህ ድፍንነቱ ነው።

«ሰሌዳ» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። ለዝርግ ብረት የሠራተኛው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣው «ላሜራ» ነው፤ ላሜራው ተቆርጦ፣ ጠርዙ ታጥፎ ለግንባር ሲዘጋጅ ሰሌዳ ወይም ፓኔል ይባላል። ይህ አንድ ወጥ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ከታጠፈ በኋላ በዱቄት ይቀባል። ከ1969 ጀምሮ በአሉኮቦንድ የንግድ ስም የታወቀው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆኑ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ላሜራዎች በመካከላቸው ሌላ ነገር ይዘው የተጣበቁበት ድርብ ሰሌዳ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ መካከሉ ፖሊኢትሊን ነበር። ፖሊኢትሊን ከ130 ዲግሪ በታች ስለሚቀልጥ እንዲህ ያለው ሰሌዳ የዱቄት ምድጃ አይችልም፤ ላሜራው ገና ጥቅል ሳለ በፈሳሽ ቀለም ይቀባና ከዚያ ይጣበቃል። እንግዲህ አንድ የሥራ ዝርዝር ለእንዲህ ያለው ድርብ ሰሌዳ የዱቄት ቅብ ሲያዝ፣ ወይ ሰሌዳው ወይ ቅቡ በስሕተት ተጽፏል። ተርጓሚው ቢያውቅ መጠየቅ ይችላል፤ ሁለቱንም «የአሉሚኒየም ሽፋን» ብሎ ካለፈ ግን የሚጠይቅ አይኖርም።

«ሽፋን» ለሁሉም መዋሉን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። ጁን 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ የግሬንፌል ሕንፃ ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ በ2019 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ፣ እሳቱ በግንባሩ ላይ ለመዛመቱ ዋናው ምክንያት መካከላቸው ፖሊኢትሊን የሆነው ድርብ ሰሌዳዎች መሆናቸውን አረጋግጧል። የነደደው ቀለሙ አይደለም፤ ቀለሙ የሚሊሜትር ስባሪ ነው። የነደደው በልባጡ ሆድ ውስጥ የነበረው ነው። ይህን ዜና «የሕንፃው የአሉሚኒየም ሽፋን ተቀጣጠለ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቀለሙን፣ ብረቱንና ሆዱን በአንድ ቃል ይጨፈልቃቸዋል፤ አንባቢውም በቤቱ ግንባር ላይ ስላለው ሰሌዳ ምን መጠየቅ እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ በገጽ ላይ የሚዋሐደው «ቅብ»፣ ከግድግዳው ፊት የሚታሰረው «ልባጥ»፣ በሁለት ላሜራ መካከል ያለው «ሆድ» ወይም «እምብርት» ቢባል፣ ሦስቱም ቃላት ቤተኞች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሻማም። «ሽፋን» ለጣሪያና ለመጽሐፍ ይቆይ።

የቀረው የቀለሞቹ ስም ነው፤ በዚህ ግን ብዙ መድከም አያስፈልግም። የዱቄት ቅብ ቀለም በአብዛኛው የሚታዘዘው ራል በተባለው የጀርመን መዝገብ ቁጥር ነው። መዝገቡ በ1927 በ40 ቀለማት ተጀመረ፤ እያንዳንዱ ቀለም ባለ አራት አኃዝ ቁጥርና ስም አለው። በግንባር ሥራ በጣም የሚዘወተረው 7016 በጀርመንኛው የድንጋይ ከሰል ዓይነት ግራጫ ነው፤ 8017 የቸኮላታ ቡናማ፤ 9016 ለመንገድ ምልክት የሚሆን ነጭ። ተርጓሚው 7016ን «ጥላሸትማ» ቢለው አማርኛው ያምራል፤ «ዐመድማ» ቢለው ደግሞ ሌላ ቀለም ይሆናል፤ ሌላው ተርጓሚ ሁለቱንም ትቶ «ግራጫ» ይላል። በውል ሰነድ ላይ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ስሙ ከቁጥሩ በኋላ ቢመጣም ባይመጣም ልዩነት የለውም።